ያዝ ለቀቅ

«ያዝ ለቀቅ» የምንለው ስናማ ነው። ሥራውን ዛሬ ጨብጦ ነገ የሚጥል ሰው ያዝ ለቀቅ ያበዛል ይባላል። ወደ ሚኤሶ ቆላ ወርዶ ወባ ሸምቶ የተመለሰም «እንዴት ነው?» ሲባል ቤተሰቡ የሚመልሰው ይህንኑ ነው፦ ያዝ ለቀቅ እያደረገው ነው። እኔ ግን ባለፈው ጥር ጭሮ ላይ አንድ ሰዓት ሠሪ ፊት ግማሽ ቀን ተቀምጬ ከተነሣሁ ወዲህ ቃሉን ለሐሜት ማዋል ከብዶኛል። በደንብ መያዝና በደንብ መልቀቅ ምን ያህል እንደሚያለፋ ያየ ሰው ሰነፍን በዚህ ስም አይጠራም።

ጭሮን ብዙ ሰው ዛሬም አሰበ ተፈሪ ይላታል። ከአዲስ አበባ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የሐረር መንገድ ከሚኤሶ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ጨርጨር ደጋ ሲጠማዘዝ የሚያገኟት ከተማ ናት። መንገዱ መሐል ለመሐል ይሰነጥቃታል። የሰዓት ሠሪው የመስታወት ሣጥን ከዚሁ መንገድ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጧል። ጫት የጫነ አይሱዙ ሲመጣ ገና ከሩቅ ይሰማቸዋል። ወረንጦውን ከሥራው ያነሣሉ፤ እጃቸውን አየር ላይ አንጠልጥለው ይጠብቃሉ፤ መኪናው ያልፋል፤ ሣጥኑ መንቀጥቀጡን ይተዋል፤ ከዚያ ይቀጥላሉ። ይህን ስንት ጊዜ እንዳደረጉ አልቆጠርኩም። አንድ ጊዜም ግን መኪናውን ሲራገሙ አልሰማሁም።

የወሰድኩላቸው የአባቴን ሰዓት ነበር። ራኬታ ነው፤ ሴንት ፒተርስበርግ አጠገብ ፔትሮድቮሬትስ ከሚባል ቦታ፣ ጋጋሪን ወደ ጠፈር በወጣበት ዓመት በ1961 እ.ኤ.አ. ለሰዓቶቹ ይህን ስም ካወጣው ፋብሪካ የተሠራ። አባቴ በደርግ ጊዜ ገዝቶት እስኪሞት ከእጁ አልለየውም። እኔ ከወረስኩት በኋላ ሌላ ከተማ ላለ ጠጋኝ «እጠብልኝ» ብዬ ሰጠሁት፤ ታጥቦ ሲመለስ አብዶ መጣ። ጠዋት ሃያ ደቂቃ ይቀድማል፣ ከቀትር በኋላ ይቆማል፣ ጠረጴዛ ላይ ጠቅ ሲያደርጉት ደግሞ እንደ ደነበረ ፈረስ ይሮጣል።

ሽማግሌው ክዳኑን ከፈቱ፤ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«በምንድን ነው ያጠበው?»

«እኔ እንጃ ጋሼ።»

«በአልኮል ነው» አሉ፤ ቀና ሳይሉ። «ልጄ፣ ድንጋዩን አንቀሳቅሶብሃል።»

የትኛውን ድንጋይ እንደሆነ ለመረዳት መነጽሩን ተውሼ ማየት ነበረብኝ። የሰዓት ጉልበቱ የተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላውን የሚያግደው ባይኖር የቀኑን ጉልበት ባንዴ አራግፎ ይጨርሰዋል። የሚያግደው 15 ጥርስ ያለው ቀጭን መንኮራኩርና ከፊቱ የቆመ ሹካ መሳይ ብረት ነው። በሹካው ሁለት ክንዶች ጫፍ ላይ ከሩቢ የተቆረጡ ሁለት ድንጋዮች ተሰክተዋል፤ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ፍሬ ብዙም አይበልጡም። አንደኛው ድንጋይ የመንኮራኩሩን ጥርስ ይይዛል። ወዲያ ወዲህ የሚወዛወዘው ክብ ሚዛን መጥቶ ሹካውን ይነካዋል፤ ድንጋዩ ይለቃል፤ ጥርሱ ሲያመልጥ በመንገዱ ድንጋዩን ገፍቶ ለሚዛኑ ጉልበት ያቀብላል፤ ወዲያው ሌላኛው ድንጋይ ሌላ ጥርስ ይይዛል። ጆሯችን ላይ ቀጭ ቀጭ የሚለው ይህ ነው። በሴኮንድ 5 ጊዜ፣ በሰዓት 18,000 ጊዜ፣ በቀን 432,000 ጊዜ ያዝ፣ ለቀቅ።

ያስደነቀኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ድንጋዮቹ ቀጥ ብለው አልተተከሉም፤ በጥቂት ዲግሪ ዘንበል ብለዋል። ከዚህ የተነሣ ጥርሱ ሲጫናቸው ገፍቶ አያርቃቸውም፤ ጭራሽ ወደ ራሱ ይስባቸዋል። ጉልበቱ በበረታ ቁጥር መያዣው ይጠብቃል። የሰዓት ባለቤት እጁን ከበር ጋር ቢያጋጭ ጥርሱ የማያመልጠው በዚህች ዝንባሌ ነው። ዋጋም አላት፦ ለመልቀቅ ሚዛኑ መንኮራኩሩን መጀመሪያ በቅንጣት ወደ ኋላ መመለስ አለበት። አብዝቶ የሚይዝ ሰዓት ስለዚህ ይደክማል፤ አሳንሶ የሚይዝ ያመልጣል። የአባቴ ሰዓት አንደኛው ድንጋይ ወደ ውስጥ ሸሽቶ ጥርሱን በጫፉ ብቻ ነበር የሚነካው።

ለምን ሸሸ? ድንጋዮቹን በሹካው ላይ የሚያጣብቃቸው ሼላክ ነው፤ እስያ ውስጥ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያወጡት ሙጫ። እንጨት የሚያብለጨልጩ አናጢዎች ይህንኑ ሙጫ በአልኮል እያሟሙ ይቀቡታል። ነገሩም እዚሁ ላይ ነው፦ አልኮል ሼላክን ያሟሟል፣ ቤንዚን አያሟሟም። የመጀመሪያው ጠጋኝ ንጹሕ ሊያደርግልኝ ብሎ የሰዓቱን እጅ ፈታው።

ጋሼ ሹካውን አውጥተው ጣት የምታህል የነሐስ ዝርግ ላይ አጋደሙት። ዝርጓን በትንሽ የአልኮል መብራት ላይ ያዟት። ሼላኩ ሲለሰልስ በመርፌ ጫፍ ድንጋዩን ነካ አደረጉት፤ እኔ የተንቀሳቀሰ ነገር አላየሁም። ከዚያ እንደ ፀጉር የቀጠነች የሼላክ ክር አስጠግተው አቀለጡባት፤ ድንጋዩ ሥር ገብታ ጠፋች። አወረዱት። «ይቀዝቅዝ» ብለው ሻይ አዘዙ።

ሻዩን እየጠጣን ነው ያልጠበቅሁትን የነገሩኝ። «ምላጭ ማለት እኮ ይሄ ነው» አሉ። «ሰዓት በቀን አራት መቶ ሺህ ጊዜ የሚተኩስ ጠመንጃ ነው፤ ጥይት የለውም እንጂ።» በወጣትነታቸው ድሬዳዋ፣ የምድር ባቡሩ ጋራዥ ውስጥ ከሞርሳና ከሞረድ ጋር ያደጉ ሰው ናቸው። ብረት ብረትን እንዴት እንደሚይዝ የሚያውቁት ከዚያ ነው።

እኔም ምላጭ ስለሚባለው ነገር የማውቀው አንድ ታሪክ ነበረኝ፤ ነገርኳቸው።

ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስት ልጅ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዒላማ ሜዳ ይሄዳል። ያለችው ሩገር ማርክ ሦስት የምትባል፣ ጥይቷን ራሷ እየጎረሰች ለእያንዳንዱ ጥይት ምላጯን የምታስጠብቅ ባለ 22 ካሊበር ሽጉጥ ናት፤ ኩባንያው በ1949 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረባት ሽጉጥ ዘር። «ምላጯ ትከብዳለች» እያለ ሲያማርር ከርሞ፣ ለዚሁ ተብሎ ተሠርቶ የሚሸጥ የምላጭና የመያዣ ስብስብ አዘዘ። እኔ እንግድነት በሄድኩበት ሳምንት ደረሰለት። የምግብ ጠረጴዛው ላይ የሚስቱን ነጠላ አነጠፈ፤ ነጩ ላይ የወደቀ ብሎን አይጠፋም ብሎ ነው። ነጠላው ለበዓል የሚለበስ መሆኑን ያወቅነው እሷ ስትገባ ነው፤ ይህን ልለፈው።

የዒላማ ተኳሽ ስለ ምላጭ ለምን እንዲህ ይጨነቃል? አንድ ሒሳብ አሳየኝ። የሽጉጡ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ በዓለም አቀፉ የሽጉጥ ውድድር ደንብ ቢበዛ 22 ሳንቲ ሜትር ይራራቃሉ። ዒላማው 25 ሜትር ላይ ነው። ምላጩን ሲስቡ የፊተኛው ማነጣጠሪያ አንዲት ሚሊ ሜትር ብትዛነፍ ጥይቱ ዒላማው ላይ 11 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይስታል። የአሥር ነጥቧ ክብ ስፋት ደግሞ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በአንድ ሚሊ ሜትር ከአሥር ወደ ስድስት ይወርዳሉ። በዚህ ውድድር ሽጉጡ ከ1,400 ግራም እንዳይበልጥ፣ ምላጩም ከ1,000 ግራም በታች በሆነ ጉልበት እንዳይለቅ ደንቡ ያዛል። ዳኞቹ አንድ ኪሎ ክብደት ምላጩ ላይ አንጠልጥለው ሽጉጡን ሽቅብ ያነሡታል፤ ክብደቱን ተሸክሞ መነሣት አለበት። እስቲ እናስበው፦ ኪሎ ከአራት መቶ የሚመዝን ዕቃ በአንድ እጅ ዘርግቶ፣ በዚያው እጅ አንድ ጣት የአንድ ኪሎ ስኳር ያህል ጉልበት ስቦ፣ ዕቃው ግን ንቅንቅ እንዳይል።

ስለዚህ ጥሩ ምላጭ ቀላል ምላጭ ማለት አይደለም። መጀመሪያ ጥቂት ልል ጉዞ አለው፤ ጣት ይገባል፣ ምንም አይሆንም። ከዚያ ግድግዳ ይገጥመዋል። ግድግዳው ላይ ተደግፎ ትንሽ ሲጨምር፣ ሳይጎተት፣ ሳይፍገመገም፣ ሳያስጠነቅቅ ይለቃል። መጥፎው ምላጭ እንደ ጠወለገ የጫት እንጨት ነው፤ ይጎብጣል፣ ይለጠጣል፣ መቼ እንደሚቆረጥ አይታወቅም። ጥሩው ጠዋት እንደተቀነጠሰ የበደሳ ጫት ጫፍ ቀጭ ይላል። የጨርጨር ሰው ይህን ለመረዳት ዒላማ ሜዳ መሄድ አያስፈልገውም።

ይህ ሁሉ የሚወሰነው ጥፍር በማያህል ቦታ ላይ ነው። መዶሻው ጀርባ ላይ አንድ እርከን ተቆርጧል፤ እርከኗ ላይ የአንድ ትንሽ ብረት አፍንጫ ያርፋል። ብረቱን ያዥ ልበለው። ሞላው መዶሻውን ይገፋል፤ ያዡ ያግደዋል፤ ምላጩ ያዡን ያነሣዋል። ሁለቱ ገጾች የሚነካኩበት ጥልቀት ከወፍራም ወረቀት ብዙም የማይበልጥበት ጊዜ አለ። ገጾቹ ሻካራ ከሆኑ ጣት እያንዳንዷን ጭረት ይቆጥራታል። ያቺ የሰዓቱ ዝንባሌም እዚህ አለች፦ በደንብ የተሠራ ያዥ ከመልቀቁ በፊት መዶሻውን በቅንጣት ወደ ኋላ ይገፋዋል። ይህን ዝንባሌ ለልስላሴ ሲል ያጠፋ ሰው እጅግ የሚጥም ምላጭ ያገኛል፤ ጠረጴዛ ላይ ጠንከር አድርጎ ቢያስቀምጣት የምትተኩስ ሽጉጥም አብሮ ያገኛል።

ራሷ በምትጎርስ ሽጉጥ ላይ ነገሩ ይብሳል። በየተኩሱ የሽጉጧ ተንሸራታች ክፍል በኃይል ወደ ኋላ ሄዶ ሲመለስ መዶሻው ይወድቅና ያዡ ላይ ይጋጫል፤ ተኳሹ ምላጩን ገና እንደሳበ ነው። ያዡ በዚያ ሁሉ ርግጫ መሐል መያዝ አለበት። ባይዝ ሽጉጧ ባለቤቷ ሳያዛት ደግማ ትተኩሳለች። ቆዳው ብቻ ጠንክሮ ውስጡ ለስላሳ የሆነ ብረት ደግሞ ብዙ ነው። በመሳያ ድንጋይ ቆዳውን የገፈፈ ሰው ምላጩ ዛሬ እንደ ቅቤ ይሆንለታል፣ ከወር በኋላ ግን እርከኑ ይበላል። የአክስቴ ልጅ ድንጋይ አላነሣም። ፋብሪካ የለካውን ገዛ፣ አጠበ፣ ቀባ፣ ገጠመ፤ ዒላማ ሜዳ ሲደርስ መጀመሪያ አንድ ጥይት፣ ከዚያ ሁለት ብቻ እየጎረሰ ሞከራት። ያን ጊዜ ፈሪ መስሎኝ ነበር። አሁን እንደሱ ያለውን ነው ባለሙያ የምለው። መልሶ መግጠሙ ግን ሦስት ሰዓት ፈጀበት፤ ሽጉጧ ከተፈታች በኋላ አልገጥም በማለት ዝነኛ ናት። አምራቿም በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣት በአራተኛዋ ላይ በአንዲት ቁልፍ እንድትፈታ አድርጎ ሰውን ገላግሏል።

ለጋሼ ስለ ማርጎሊንም ነገርኳቸው። ሚካኢል ማርጎሊን የሶቭየት ሰው ነው፤ ገና ወጣት ሳለ በ1924 እ.ኤ.አ. ጭንቅላቱ ላይ ቆስሎ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ነው የመሣሪያ ንድፍ አውጪ የሆነው። ሥዕል ማየት ስለማይችል ክፍሎቹን በሚለሰልስ ጭቃ፣ በእንጨትና በብረት እያበጀ በጣቱ ይዳስሳቸው ነበር። በስሙ የምትጠራው የዒላማ ሽጉጥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኢዥየቭስክ ላይ ተሠርታ በብዙ አገር ተኳሾች እጅ ገብታለች። እኔ አንዲት ማርጎሊን ጨብጬ አውቃለሁ። አልተኮስኩባትም፤ ባዶዋን ነው የሳብኳት። ምላጯ ሲለቅ ጣቴ ሳያውቅ ነው የለቀቀው። ጆሮዬ ነው ለጣቴ የነገረው።

«ዓይን ምን ያደርጋል» አሉ ጋሼ፤ መነጽራቸውን እየወለወሉ። ቀልዱን ለመረዳት ትንሽ ቆየሁ።

ሩሲያ ስትነሣ የከተማዋ ታሪክ አይቀርም። አሰበ ተፈሪን የጨርጨር ገዥ ሆነው ያቀኗት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው። ከዓድዋ በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው፣ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ መድፈኛነት ተምረው የመጡ፤ «ፋቡላ» የተባለውን ተውኔት የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ። የአባቴ ሰዓት የመጣበትን አገር ክረምት ያውቁታል ማለት ነው። መድፈኛ ያቀናት ከተማ ውስጥ ስለ ምላጭ ማውራት ያምራል፤ ግን መድፍና ምላጭ አንድ አይደሉም። እኛ ትልቁን ነው የምንዘክረው። ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስቀለጡትን ሴባስቶፖልን የማያውቅ ተማሪ የለም። ከስናድር እስከ ውጅግራ፣ ከለበን እስከ ምንሽር፣ የፈረንጅ ስም አፋችን ላይ አማርኛ እስኪሆን ድረስ የተሸከምናቸው ጠመንጃዎች እርከናቸው ሲበላ በየመንደሩ በሞረድ ማን እንደመለሳቸው ግን የጻፈ የለም። ሠሪው ቀጥቃጭ፣ ጠይብ፣ ሲብስም ቡዳ ይባል ነበር። በዚህ አገር ኦሮምኛው ቱምቱ ይለዋል፤ እሱም ቢሆን ማዕድ ሲቀርብ ራቅ ብሎ ነበር የሚቀመጠው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ማስነገር ያስፈለገው ስድቡ ምን ያህል ሥር ቢሰድድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ዛሬ ደግሞ የጦር መሣሪያን ያለ ፈቃድ መያዝም መጠገንም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚያስጠይቅ ነው፤ ይህም ደግ ነው። በነጠላ ላይ ሽጉጥ ፈትቶ መግጠም ጭሮ ላይ የቅዳሜ ጨዋታ አይደለም። ያንኑ ጥበብ ማየት የፈለገ ሰው የሚሄደው እዚያች በረንዳ ላይ ወዳለችው የመስታወት ሣጥን ነው።

ሹካው ቀዘቀዘ። ጋሼ መልሰው ገጠሙት፤ ሞላውን ሁለት ዙር ብቻ ሞሉ፤ ሚዛኑን ሳይሰቅሉ ሹካውን በመርፌ ወዲህ ወዲያ እያሉ ጥርሶቹን አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከ15ቱ ጥርሶች እያንዳንዱ ድንጋዩ ላይ የሚያርፍበትን ቦታ አዩ። ስድስተኛው ላይ ቆዩ። ፈቱት። እንደገና መብራት፣ እንደገና የነሐስ ዝርግ፣ እንደገና የማላያት ንክኪ። ሁለት አይሱዙ አለፈ። ገጠሙት። ቆጠሩ። ሚዛኑን ሰቀሉ። ሰዓቱ ማንም ሳይነካው ተነሣ።

ጆሮዬ ላይ ያዙልኝ። የአባቴ እጅ አጠገቤ ያለ መሰለኝ፤ ልጅ ሳለሁ ክንዱ ላይ ስተኛ የምሰማው ድምፅ ነው። ይህን አልነገርኳቸውም። ሌላ ነገር ጠየቅሁ።

«ሁለተኛውን ድንጋይስ? እሱም ታጥቦ የለ? ለምን አልነኩትም?»

ክዳኑን እየገጠሙ ነበር። አይሱዙ እየመጣ ስለነበር እጃቸውን አንሥተው፣ እስኪያልፍ ጠበቁና ገጥመው ጨረሱ።

«እሱማ ይዟላ» አሉኝ።